የእትዬ ስንዱ ተራ

እትዬ ስንዱ ማረፋቸውን የሰማሁት ባሕር ዳር፣ ገበያ መሃል ነው። ሽንኩርት ስመርጥ አንዲት ሴት ትከሻዬን ነካ አድርጋ «መምህርት፣ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ደብረ ታቦር ሳለሁ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ አሁን እሷም የልጆች እናት ሆናለች። ስለዚህም ስለዚያም ተጠያይቀን ልንለያይ ስንል «እትዬ ስንዱ እኮ አረፉ። አልሰሙም? አርባቸውም ወጥቷል» አለችኝ። የያዝኩትን ሽንኩርት መልሼ አስቀመጥኩት። ነጋዴው «ይመዘን?» እያለኝ ትቼው ሄድኩ።

መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ ብል ደስ ባለኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹን መንገድ ያለቀስኩ፣ ግማሹን የሳቅኩ ይመስለኛል። እትዬ ስንዱን አስታውሶ ሳይስቁ መቅረት አይቻልም።

ደብረ ታቦር የተመደብኩት በደርግ ዘመን፣ ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ ነው። ማረፊያ ስፈልግ የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለ አንድ ግቢ ይጠቁሙኛል፤ ጠቁመውኝ ሲያበቁ ደግሞ «ከቻልሽው» ይላሉ። ምኑን እንደምችል የገባኝ በሩ ላይ ስደርስ ነው። የከፈቱልኝ ቀጠን ያሉ፣ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው ያሰሩ፣ አርባዎቹን ያጋመሱ ሴት ነበሩ። ለሰላምታዬ መልስ ከመስጠታቸው በፊት «እስቲ ጫማሽን አሳዪኝ» አሉ። አንድ እግሬን አንስቼ ሶሉን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው መረመሩትና «ይሄ የአውቶቡስ ተራ ጭቃ ነው። በይ ግቢ፤ ግን እዚሁ አውልቂው» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ ክፍል ማከራየት ክልክል ስለነበር ለቀበሌው ደባል ተብዬ ተመዘገብኩና ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጡኝ። ሦስት ዓመት ኖርኩባት።

የእትዬ ስንዱን ቤት የማያውቅ የከተማው ሰው አልነበረም። ሳሎኑ ሊሾ ነው፤ በየቅዳሜው ሰም ይቀባና ፊት እስኪያሳይ ድረስ ይወለወላል። ወንበሮቹ እሳቸው በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ለብሰዋል። ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ለሰልፍ የወጡ ይመስላሉ። መጋረጃው በየሳምንቱ ይታጠባል። ስማቸውም ስንዱ፣ ቤታቸውም ስንዱ እያለ ሰው ይቀልድ ነበር። ያ ሁሉ ተሟልቶ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም።

ባለቤታቸው ጋሽ ወርቁ የመንገድ ሥራ ሾፌር ናቸው። ከሥራ ሲመለሱ አቧራ ለብሰው ስለሚመጡ መቀመጫቸው ማድቤት ደጃፍ ያለች ዱካ ናት። ጓደኞቻቸው ሲመጡም ወሬው የሚያልቀው የግቢው በር ላይ ነው። አንድ ቀን «ጋሽ ወርቁ፣ ምነው ሳሎን አይገቡም?» ብላቸው ግራና ቀኝ ገልመጥ አሉና «ልጄ፣ የሠርጋችን ዕለት ገብቻለሁ» አሉኝ።

አንድ ጊዜ ደግሞ የእትዬ ስንዱ ወንድም ከጉና ሳይላክባቸው መጡ። ከሌሊት ጀምሮ በበቅሎ ሲጓዙ የዋሉ ሰው ናቸው። እትዬ ስንዱ ድምፃቸውን ከውስጥ ሲሰሙ «ወንድሜ! ወንድም ጋሼ! መጣሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቆይ!» ብለው በሩን ዘጉ። ወለል ተወለወለ፣ ዳንቴል ተቃና፣ ቀሚስ ተቀየረ። በሩን ሲከፍቱ ወንድምየው የሉም፤ በቅሏቸው ብቻ አጥሩ ላይ ታስራለች። ከጎረቤት ጠላ ቤት አገኘኋቸው። «ስትጨርስ ላኩብኝ» አሉ፤ ተቆጥተው አይደለም፣ እህታቸውን ስለሚያውቋት ነው።

ክፉ ሰው ነበሩ ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ታይፎይድ ይዞኝ ስተኛ ሁለት ሳምንት ሙሉ አጥሚት እየሠሩ ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። በአንድ እጃቸው እያጠጡኝ ግን በሌላው እጃቸው አንሶላዬን ያቃናሉ። «እትዬ፣ እስቲ ትንሽ ቁጭ ይበሉ» ስላቸው «ሰው ቢመጣስ? ምን ይለኛል?» ይሉኛል። ይህችን «ምን ይለኛል» በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማት አላውቅም። ውሻው ሲጮህ እንኳ መጀመሪያ የሚያዩት ወለሉን ነው፤ በሩን የሚያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

እትዬ ስንዱ የማርያም ማኅበርተኛ ነበሩ። በየወሩ በሃያ አንድ የሰፈሩ ሴቶች በተራ በአንዷ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቄስ ይባርካሉ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ተቀብላ ትሄዳለች። እኔ እዚያ ግቢ ከገባሁ በኋላ የእትዬ ስንዱ ተራ የደረሰው ግንቦት ላይ ነው። ዝግጅቱ ግን የተጀመረው ከፋሲካ ማግሥት ነበር። ግድግዳው ኖራ ተቀባ። የብርጭቆ ሰልፍ ወጥቶ ታጠበ፣ ተመልሶ ተሰለፈ። ጋሽ ወርቁ ለሥራ ወደ ጋይንት ሲሄዱ «እስክትጨርስ እዚያው ብቆይ ይሻላል» ብለው በደስታ ነው የሄዱት። ስኳርና ዘይት ከቀበሌው ሱቅ በራሽን በሚታደልበት ዘመን አራት ዓይነት ወጥ ተሠራ። እኔ ሽንኩርት ከተፍኩ፤ «ወፍራም ነው» ተባልኩና እንደገና ከተፍኩ።

ዕለቱ ሲደርስ ሴቶቹ ጫማቸውን በር ላይ ደርድረው፣ ዳንቴሉ እንዳይጨማደድ እየፈሩ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ስንዱ አልተቀመጡም፤ አልቀመሱምም። በሩ አጠገብ ቆመው የእያንዳንዷን ሴት ጉርሻ ከመሶብ እስከ አፍ በዓይናቸው ይሸኛሉ። ሴቶቹ «እጅሽ ይባረክ» አሉ፤ «እንዲህ ያለ ቤት የትም የለ» አሉ፤ ቶሎ በልተው ቶሎ ሄዱ። ሌላ ጊዜ ከማኅበር ሲወጡ ሳቃቸው ሦስት ግቢ ድረስ ይሰማል። የዚያን ቀን ሳቅ አልሰማሁም። እትዬ ስንዱ ግን ማድቤት ገብተው አለቀሱ። ዶሮ ወጡ ጨው በዝቶበታል ብለው ነው። ቀምሼዋለሁ፤ አልበዛበትም።

ወይዘሮ አንጓች የቀሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ወይዘሮ አንጓች የእትዬ ስንዱ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ሁለቱም የጉና ሥር ልጆች ናቸው፤ አብረው ውኃ ቀድተው፣ አብረው ገብስ ወቅጠው አድገው ትዳር ነው ወደ ከተማ ያወረዳቸው። ወይዘሮ አንጓች ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በጋፋት መንገድ ባለች ትንሽ ቤት ጥጥ እየፈተሉ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰኔ ላይ «አሞኛል» ብለው ላኩ። ሐምሌም ቀሩ። የነሐሴው ተራ የእሳቸው ነበርና «ለሌላ ሰው ይለፍልኝ» የሚል መልእክት መጣ። እትዬ ስንዱ ይህን ሲሰሙ ከተቀመጡበት፣ ማለቴ ከቆሙበት፣ ክው አሉ።

«አንጓች የማርያምን ተራ? ይቺ ሴት ሳትነግረን ልትሞት ነው!»

እኔ ክረምቱን ለመሠረተ ትምህርት ተመድቤ እዚያው ነበርኩ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ይዘን ጥየቃ ወጣን። እትዬ ስንዱ ነጭ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። «በዚህ ጭቃ?» ብላቸው «የታመመ ሰው ልጠይቅ ባሮጌ ልብስ ልሂድ? ምን ይለኛል?» አሉኝ። ከከተማው ወጥተን ጅረቷ ዘንድ ስንደርስ የረገጡት ድንጋይ ዞረና እትዬ ስንዱ ከነጃንጥላቸው በጀርባቸው ጭቃው ውስጥ ተዘረጉ። ዳቦው ቁልቁል ተንከባለለ። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ። ደግፌ ሳነሣቸው ከሻሻቸው እስከ ተረከዛቸው አንድ ቀለም ሆነዋል።

«እንመለስ» አሉ፤ ድምፃቸው የሕፃን ድምፅ ሆነ። «እንዲህ ሆኜ ሰው ቤት አልገባም።»

ዝናቡ ግን እየጠነከረ መጣ። ከከተማው ይልቅ የወይዘሮ አንጓች ቤት ይቀርበን ነበርና እጃቸውን ይዤ ጎተትኳቸው።

ወይዘሮ አንጓች አልታመሙም። በር ከፍተው ሲያዩን መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ሳቃቸው ግን በጣታቸው መሃል አመለጣቸው።

«ስንዱዬ! ማን በጭቃ መረገሽ?»

እኔም ያን ጊዜ ለቀቅኩት። እትዬ ስንዱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጓደኛቸውን አዩና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ጣራው በጢስ ጠቁሯል፤ መደቡ ሥር ሁለት ዶሮዎች ዝናቡን ተጠልለዋል። ወይዘሮ አንጓች ጓደኛቸውን እሳት ዳር አስቀመጡ፣ እግራቸውን በሞቀ ውኃ አጠቡ፣ የራሳቸውን አሮጌ ቀሚስ አለበሱ። የተቀቀለ ድንች ነበር፤ በአዋዜ፣ ከአሬራ ጋር አቀረቡልን። እየላጥን በላን። እትዬ ስንዱን ተቀምጠው ሲበሉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አንዱን በሉ፣ ሌላውን በሉ፣ አዋዜ አገጫቸውን ነካው፤ አልጠረጉትም።

በመጨረሻ ግን ጠየቁ። «ጤነኛ ሆነሽ ሳለሽ ስለምን ቀረሽብን?»

ወይዘሮ አንጓች እሳቱን ቆሰቆሱ። «ተራዬ ደረሰ» አሉ።

«ቢደርስስ?»

«አንቺ ቤት የበላ ሰው እዚህ የት ላስቀምጠው? ምን ላቅርብለት?»

«ማን አለሽ? እኔ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«አንቺ ምንም አላልሽኝም፣ ስንዱዬ። ቤትሽ ነው ያለኝ።» ወይዘሮ አንጓች የድንቹን ልጣጭ ሰበሰቡ። «በግንቦቱ ማኅበር ዳንቴልሽ ላይ ወጥ ጠብ አድርጌ ነበር። ታስታውሻለሽ?»

«አላስታውስም።»

«‹ምንም አይደል› አልሽኝ። ግን ገና ሳልነሣ ከሥሬ ስበሽ ወሰድሽው። ወዲያው አጥበሽ ደጅ አሰጣሽው። እኔ ባዶው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ በመስኮት አየሁሽ።»

ወይዘሮ አንጓች የተናገሩት የቆጫቸው ይመስላሉ፤ ነገር ግን ከጀመሩ አይቀር ብለው ጨረሱት። «ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ሁለቱ የታች ሰፈር ሴቶች ማኅበሩን ጥለው የወጡት ለዚሁ ነው። ካንቺ ቀጥሎ ተራ የሚደርሳት ሴት ወሩን ሙሉ እንቅልፍ የላትም።»

ዝናቡ ሲያባራ ጭቃ የሆነ ቀሚሳቸውን በፌስታል ቋጥሬ ያዝኩ፤ እሳቸው ጓደኛቸውን ስመው ተሰናበቱና ወጣን።

መንገዱን በሙሉ ከፊቴ ከፊቴ ፈጠን ብለው ሄዱ። ቤት ስንደርስ ጫማቸውን የሚያወልቁ መስሎኝ ቆምኩ። አላወለቁም። በጭቃ ጫማቸው ሊሾውን እየረገጡ ገቡና ዳንቴል የለበሰው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ጋሽ ወርቁ ከማድቤት ደጃፍ ይህን ሲያዩ ዱካዋን ገልብጠው ተነሡ።

«ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ?»

«አላመመኝም። ና ተቀመጥ።»

«የት?»

«ወንበር ላይ ነዋ! ሰው የት ይቀመጣል?»

«ሱሪዬ እኮ ጭቃ ነው።»

«የኔም ጫማ ጭቃ ነው።»

ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ አዩ፤ እኔም ምን እንዳሰቡ ስላላወቅኩ ትከሻዬን ሰበቅኩ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ባልና ሚስት እንደ ሁለት እንግዳ ጎን ለጎን ቆዩ። ከዚያ እትዬ ስንዱ «ወርቁ፣ ይሄ ወንበር ይመቻል?» አሉ።

«እንጃ» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ «ገና መቀመጤ ነው።»

በአንድ ቀን ተለወጡ ብዬ ብጽፍ እትዬ ስንዱን የሚያውቅ ሁሉ ይስቅብኛል። በማግሥቱ ሊሾው ሁለት ጊዜ ታጥቧል። ነገር ግን እጃቸው ሳይደርቅ የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይም ሙሴ ወደሆኑት ወደ ወይዘሮ የሻረግ ቤት ሄደው «የነሐሴውን እኔ አወጣለሁ» አሉ። ተመልሰው ለኔ «አንድ ወጥ፣ ዳቦና ጠላ፤ ሌላ የለም። ልቤ ከከዳኝ ያዥኝ» አሉኝ።

ልባቸው በየቀኑ ነው የከዳቸው።

«ግድግዳውን ብቻ ትንሽ ኖራ ባስነካው?»

«አይሆንም፣ እትዬ።»

«መጋረጃውን እንኳ?»

«ትናንት ነው የታጠበው፣ እትዬ።»

በዋዜማው ከመሠረተ ትምህርት ስመለስ ከኖራ ባልዲ ጋር ያዝኳቸው። ባልዲውን ተቀብዬ ክፍሌ አስገብቼ ቆለፍኩበት። «በገዛ ቤቴ?» ብለው ተቆጡኝ። ደረጃው ላይ ትንሽ ቆሙና ደግሞ «ጎሽ፤ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ» አሉኝ።

ሃያ አንድ ደረሰ። ዳንቴሎቹ ተነሥተዋል፤ አንደኛው ወንበር ክንዱ የተሰበረና በሚስማር የተጠገነ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ጠላው በጣሳም፣ በዋንጫም፣ በተገኘው ቀረበ። ሴቶቹ ጫማ ሊያወልቁ ሲያጎነብሱ «ተዉት፣ ግቡ» ተባሉ። ገቡ፤ ዓይናቸው ግን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይዘላል። ወይዘሮ የሻረግ ማድቤት ድረስ ተከትለውኝ መጡና በሹክሹክታ «ልጄ፣ ምን ደረሰባቸው? ወርቁ ከሥራ ወጣ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ዳንቴሉን ቀበሌ ወሰደው?»

ወይዘሮ አንጓችም መጥተው ነበር፤ እትዬ ስንዱ ራሳቸው ሄደው ለምነው ነው ያመጧቸው። አጠገባቸው አስቀመጧቸው፤ እሳቸውም ተቀመጡ። መቀመጥ ያልለመደ ሰው እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። እትዬ ስንዱ እጃቸውን አንዴ ጉልበታቸው ላይ፣ አንዴ ነጠላቸው ውስጥ ያደርጉታል። ቀስ በቀስ ግን ወሬ ያዛቸው። የልጅነታቸው ወሬ ነው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ስለጣለቻቸው የመንደራቸው ቄስ በቅሎ። ወይዘሮ አንጓች ሲጀምሩ እትዬ ስንዱ ይቀበላሉ፣ እትዬ ስንዱ ሲረሱ ወይዘሮ አንጓች ይሞላሉ። ሽታው የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ሽሮው እያረረ ነበር። እኔ ጠላ እየቀዳሁ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ድስት መጣዳቸውን ረስተውታል። ሴቶቹ ሁሉ ሸተታቸው። እያንዳንዷ ወለሉን አየች። እትዬ ስንዱ ፊታቸው አመድ መሰለ። ብድግ ሊሉ ሲሉ ወይዘሮ አንጓች ክንዳቸውን ያዝ አደረጓቸው።

«አረረ እኮ፣ ስንዱዬ» አሉ፣ ለስለስ አድርገው።

እትዬ ስንዱ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ጓደኛቸውን አዩ፤ ወለሉን የሚያዩትን ሴቶች አዩ።

«አረረ?» አሉ። «እንግዲህ ይረር!»

መጀመሪያ ወይዘሮ የሻረግ ናቸው የፈነዱት። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሳሎኑ ውስጥ እንዲያ ያለ ድምፅ ከተሠራ ጀምሮ ተሰምቶ አያውቅም፤ ጋሽ ወርቁ ምን እንደሆነ ለማየት ከጓሮ እየሮጡ መጡ። ከድስቱ ከላይ ከላዩን ጨልፌ አቀረብኩ። ጢስ ጢስ ይላል። በሉት፤ ደግሞ ጨመሩ። «ስንዱ፣ ይቺን ሽሮ እንዴት አድርገሽ ነው ያጠንሻት?» እያሉ ቀለዱባቸው። እትዬ ስንዱም በሉ።

ተበልቶ ሲያበቃ፣ ቄሱ ሊያሳርጉ ሲነሡ፣ እትዬ ስንዱ ቀድመው ቆሙ። ንግግር የሚያውቁ ሴት አልነበሩም። «እናንተን ላከብር ስል ሳስጨንቃችሁ ኖርኩ» አሉ። «አንጓች ናት የነገረችኝ። ሁላችሁም ይቅር በሉኝ።» ወይዘሮ አንጓች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ቄሱም «ሁላችንንም ይፍታን» አሉና ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

ጽዋው መሃል ላይ ቀረበ። ወይዘሮ የሻረግ «የመስከረሙን ማን ይወስዳል?» ብለው ጠየቁ። ማንም ማንንም አላየም። ወይዘሮ አንጓች ቀስ ብለው ተነሡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«የኔ ተራ ነው» አሉ።

የታች ሰፈር ሴቶች ሁለቱም ዓመቱ ሳይሞላ ወደ ማኅበሩ ተመለሱ። እትዬ ስንዱ ግን ፈጽሞ ዳኑ አልልም። እኔ ተዛውሬ እስክሄድ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊሾው ሰም ይቀባ ነበር፤ ልዩነቱ ጋሽ ወርቁ ወንበራቸው ላይ ሆነው እግራቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ እትዬ ስንዱ ከሥር ይወለውላሉ። ዘመዳቸውም ጎረቤታቸውም ሳይላክበት መምጣት ጀመረ። አንዳንዴ ቤቱ ሳይጠረግ ሰው ሲመጣባቸው ፊታቸው ሲጨነቅ አይ ነበር፤ ግን በሩን ይከፍታሉ።

እኔ እሳቸውን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ የመስከረም ሃያ አንድ ቀን ነው። በጋፋት መንገድ ተከታትለን ሄድን። የወይዘሮ አንጓች ቤት ሁላችንንም አልቻለችንም፤ ከፊሎቹ ደጅ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። የገብስ ዳቦና ጠላ ቀረበ። እትዬ ስንዱ ውስጥ፣ አጎዛ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንድ ጊዜ ዓይናቸው ከጣራው የተንጠለጠለ የሸረሪት ድር አገኘ፤ እጃቸው ተነሣ፤ አየር ላይ ትንሽ ቆየ፤ መልሰው አወረዱት። ከዚያ ጨዋታው ደራ፤ አንዷ ስትናገር ሌላዋ ስትነጥቅ ቤቱ የገበያ ያህል ጮኸ።

መሃል ላይ ዞር ብዬ ሳይ እትዬ ስንዱ ተኝተዋል። ራሳቸው ወይዘሮ አንጓች ትከሻ ላይ ወድቋል። ሻሻቸው ተንሸራቶ ሽበታቸው ወጥቷል፤ አፋቸው ገርበብ ብሏል።

ወይዘሮ የሻረግ «ኧረ ቀስቅሻት፣ ሰው ቤት እንዲህ ይተኛል?» አሉ።

ወይዘሮ አንጓች ትከሻቸውን ሳያነቃንቁ «ተዪያት» አሉ። «እስከ ዛሬ ሰው ቤት መጥታ አታውቅም። ገና ዛሬ መጣች።»